ርቀቱ የመሬት፣ ሰዓቱ የአየር

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ከኒው ዮርኩ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ኤርፖርት እስከ ለንደኑ ሂትሮው ያለውን ርቀት ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ አንዱ ማስያ 5,540 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 5,554 ኪሎ ሜትር አላቸው። የበረራውን ጊዜ ሁለቱም 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ያደርጉታል። ትኬታቸው ላይ ግን ሲሄዱ 7 ሰዓት፣ ሲመለሱ 8 ሰዓት ተጽፏል። «የቱ ነው ትክክሉ? መመለሻው የሚረዝመው መሬት ስለምትሽከረከር ነው? ለትራንዚት ሳሰላስ የቱን ልያዝ?» ብለው ይጠይቃሉ።

የዘወትር ሥራዬ የበረራ ዕቅድ ማውጣት ስለሆነ ይህን ጥያቄ በብዙ መልኩ ሰምቼዋለሁ። ያዩዋቸው ቁጥሮች አንዳቸውም ስህተት አይደሉም፤ እያንዳንዱ የሚለካው ነገር ነው የተለያየው። ርቀቱ የመሬት ነው፤ ኤርፖርቶቹ ከቦታቸው እስካልተነሱ ድረስ ዛሬም ነገም ያው ነው። ሰዓቱ ግን የአየር ነው። እኛ የምንሠራበት የከፍታ ነፋስ ትንበያ በየ6 ሰዓቱ ይታደሳል፤ ትንበያው በታደሰ ቁጥር የበረራው ሰዓትም አብሮ ይንቀሳቀሳል።

መጀመሪያ የ14 ኪሎ ሜትሯን ልዩነት እንፍታ። አንደኛው ማስያ መሬትን ፍጹም ድቡልቡል ኳስ አድርጎ ይወስዳታል፤ ከእምብርቷ እስከ ገጽዋ በየትም በኩል ቢለካ 6,371 ኪሎ ሜትር። እውነተኛዋ መሬት ግን ወገቧ ላይ ሰፋ፣ ዋልታዎቿ ላይ ጠፍጠፍ ያለች ናት። ከእምብርቷ እስከ ምድር ወገብ 6,378፣ እስከ ዋልታ ደግሞ 6,357 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለተኛው ማስያ ይህን ቅርጽ ይቆጥራል፤ ጂፒኤስም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። ስለዚህ 5,554 ለእውነቱ ይበልጥ የቀረበ ነው። ሆኖም 14 ኪሎ ሜትር ለጄት አውሮፕላን የ1 ደቂቃ መንገድ እንኳን ስለማትሞላ ለጉዞ ዕቅድ ከሁለቱ የፈለጉትን ይያዙ።

ማስያውን ከማመን ራሴ ላረጋግጥ ካሉ ሳይንና ኮሳይን ያለው ተራ ካልኩሌተር ይበቃል። ኬኔዲ በሰሜን ኬክሮስ 40.64 ዲግሪ፣ በምዕራብ ኬንትሮስ 73.78 ዲግሪ ላይ ነው። ሂትሮው በሰሜን ኬክሮስ 51.47፣ በምዕራብ ኬንትሮስ 0.45 ላይ። በኬንትሮስ የሚራራቁት 73.33 ዲግሪ ነው። የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን እርስ በርስ ያባዙ፤ 0.5095 ይመጣል። ቀጥለው የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይን አባዝተው ውጤቱን በኬንትሮስ ልዩነቱ ኮሳይን ያባዙ፤ 0.1356 ይሆናል። ድምሩ 0.6451 ነው። ኮሳይኑ ይህን የሚያህል ማዕዘን 49.83 ዲግሪ ነው፤ ይህም ሁለቱ ኤርፖርቶች ከመሬት እምብርት ሆኖ ለሚያያቸው የሚራራቁበት ማዕዘን ነው። በመሬት ገጽ ላይ 1 ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ብዜቱ 5,540 ኪሎ ሜትር ይሰጥዎታል። እኛ በሥራ ላይ ማዕዘኑን በ60 አባዝተን በባሕር ማይል ማንበብ ይቀለናል፤ 2,990 የባሕር ማይል ይሆናል። የባሕር ማይል መጀመሪያውኑ የተወሰደው ከዲግሪ አንድ ስድሳኛ ነውና። ዛሬ በስምምነት 1,852 ሜትር ነው።

ይህ ርቀት በኳሷ መሬት ላይ ያለው አጭሩ መንገድ ነው፤ ታላቅ ክብ ይባላል። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ ላይ ግን ወደ ሰሜን የጎበጠ ቅስት ሆኖ ስለሚታይ ብዙ ሰው «አብራሪው ለምን ይዞራል?» ይላል። ዞሮ አይደለም። ድቡልቡል የመሬት ሞዴል ካገኙ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥረው ይዩት፤ ክሩ ራሱ በካናዳ የባሕር ዳርቻ በኩል ያልፋል። የሚያዛባው ካርታ ሠሪው መርካቶር እ.ኤ.አ. በ1569 ያወጣው ዓይነት ካርታ ነው። ያ ካርታ ለመርከበኛ አቅጣጫ ለማሳየት የተሠራ እንጂ ርቀት ለመለካት አይደለም። በዚያ ካርታ ላይ ከኬኔዲ ወደ ሂትሮው ቀጥ ያለ መሥመር አስምረን ብንከተለው 5,760 ኪሎ ሜትር ገደማ እንበራለን፤ «ቀጥታው» 220 ኪሎ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው። እኔን ዛሬም የሚያስደንቀኝ አቅጣጫው ነው። አጭሩ መንገድ ኬኔዲን ሲለቅ ከሰሜን ተነሥቶ በቀኝ ሲቆጠር ወደ 51 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያመለክታል። ለንደን ሲደርስ 108 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከምሥራቅ አልፎ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሏል። በመንገዱ ላይ ግን አንድም መታጠፊያ የለም።

ርቀቱ ይህን ያህል ከተነገረ ይበቃል። ወደ ሰዓቱ እንምጣ።

እርስዎ የሚሄዱበት ዓይነት ረጅም ርቀት ተጓዥ አውሮፕላን በማክ 0.85 አካባቢ ይበራል፤ የድምፅን ፍጥነት 85 በመቶ ማለት ነው። አየሩ ሲቀዘቅዝ የድምፅ ፍጥነትም ይቀንሳል። በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ መደበኛው ሙቀት ከዜሮ በታች 56.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እዚያ ድምፅ በሰዓት 1,062 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከዚህ 85 በመቶው 900 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የማስያዎቹም መነሻ ከዚህ የራቀ አይደለም። 5,540ን ለ900 ሲያካፍሉ 6 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ይደርሳል፤ ለመነሻና ለማረፊያ ጥቂት ይጨምሩበትና 6 ሰዓት ተኩል ይላሉ።

ማስያው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። ይህ 900 ኪሎ ሜትር የሚለካው በአየሩ ላይ ነው፤ ከታች ባለው መሬት ላይ አይደለም። አውሮፕላን በወንዝ ላይ እንዳለ ጀልባ ነው። ቀዛፊው ጉልበቱን ሳይለውጥ ወንዙን ተከትሎ ሲወርድ ዳርቻው በፍጥነት ያልፈዋል፤ ሽቅብ ሲቀዝፍ ደግሞ ዛፉ ሁሉ ቆሞ የሚጠብቀው ይመስለዋል። አየሩ ራሱ የሚፈስ ነው፤ በሚበሩበት ከፍታም ጄት ስትሪም የሚባለው የነፋስ ወንዝ አለ። ይህ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው፤ በክረምት፣ ማለትም በሰሜኑ ዓለም የብርድ ወራት፣ ከ300 የሚያልፍበት ጊዜም አለ። በላዩ ላይ እየተሳበ ለሚሄድ አውሮፕላን ስጦታ ነው፤ ለተቃራኒው ግን ዕዳ።

ወደ ሽክርክሪቱ ጥያቄዎ ልመለስ፤ ይህን ግምት ከተማሩ ሰዎችም እሰማዋለሁ። መሬት ከሥር ስለሸሸች ወይም ስለቀረበች አይደለም። አየሩ ከመሬት ጋር አብሮ ይዞራል። ባይዞር ኖሮ በምድር ወገብ ላይ የቆመ ሰው በሰዓት ወደ 1,670 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ማዕበል ፊቱን በመታው ነበር። ሽክርክሪቱ የሚሠራው በተዘዋዋሪ ነው። ወገቡ ላይ ያለው አየር ይሞቃል፤ ዋልታው ጋ ያለው ይቀዘቅዛል። ይህ የሙቀት ልዩነት አየሩን ወደ ዋልታዎቹ ሲገፋው የመሬት መዞር ያጠመዝዘውና ወደ ምሥራቅ ያፈሰዋል። ልዩነቱ በክረምት ስለሚሰፋ ነፋሱም በክረምት ይበረታል። ፍንጭ ከፈለጉ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱ በረራዎችን ይመልከቱ፤ ከለንደን ኬፕ ታውን ሲሄዱና ሲመለሱ ያለው ሰዓት ይቀራረባል፤ ነፋሱን በአብዛኛው በጎን ነው የሚያቋርጡት።

(ይህን ነፋስ ቀድመው ከለኩት አንዱ ጃፓናዊው የሜትሮሎጂ ባለሙያ ዋሳቡሮ ኦይሺ ነበር። በ1920ዎቹ ፊኛ ወደ ሰማይ እየለቀቀ መዝግቦ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1926 በኤስፔራንቶ ቋንቋ አሳተመው። ዓለም ሁሉ እንዲያነበው ነበር ያሰበው፤ ኤስፔራንቶ አንባቢው ጥቂት ሆነና ሥራው ለረጅም ጊዜ ተደብቆ ቀረ። ሳስበው ያሳዝነኛል።)

«ሲሄድ የሚያተርፈውን ሲመለስ ቢከፍል አጠቃላዩ ያው አይደለም?» የሚል ጥያቄ ሊከተል ይችላል። አይደለም፤ ማስላት ይቻላል። ነፋሱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ሲሄድ 900 ላይ 100 ተጨምሮ 5 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ይፈጃል፤ 37 ደቂቃ አተረፈ። ሲመለስ 800 ቀርቶለት 6 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይወስድበታል፤ 46 ደቂቃ ከሰረ። ነፋሱ 200 ከሆነ ደግሞ መሄጃው ወደ 5 ሰዓት ይወርዳል፤ መመለሻው ወደ 8 ሰዓት ይጠጋል። ነፋስ ያለበት የደርሶ መልስ ጉዞ ነፋስ ከሌለበት ምንጊዜም ይረዝማል፤ ምክንያቱም አውሮፕላኑ በሚገፋው ነፋስ ውስጥ ትንሽ ሰዓት፣ በሚመልሰው ነፋስ ውስጥ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ለዚህ ነው ሁለቱን አማካይ ወስዶ «በቃ 7 ሰዓት ተኩል» ማለት የማይበጀው፤ አማካዩ የትኛውንም ጉዞዎን አይገልጽልዎትም።

ነፋሱ ምን ያህል ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት እ.ኤ.አ. የካቲት 2020 ጥሩ ምሳሌ ነው። በ8ኛው ቀን አውሎ ነፋስ ወደ ብሪታንያ እየገሰገሰ ሳለ አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኬኔዲ ተነሥቶ በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ሂትሮው አረፈ። በመሬት ላይ ሲለካ ፍጥነቱ በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር ያለፈበት ጊዜ ነበር። ያኔ ብዙዎች «የድምፅን ፍጥነት አልፎ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። አላለፈም። በአየሩ ውስጥ በተለመደው ፍጥነቱ ነበር የሚበረው፤ አየሩ ነው ተሸክሞት የከነፈው። የድምፅን ፍጥነት በእርግጥ ያልፍ የነበረው ኮንኮርድ በዚሁ መሥመር ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 በ2 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ደርሷል።

ይህ እንዲሁ በዕድል የሚገኝ አይደለም። በሰሜን አትላንቲክ ላይ በየቀኑ አዳዲስ የሰማይ መንገዶች ይቀየሳሉ። ቀን ወደ አሜሪካ ለሚሄዱት ሻንዊክ የሚባለው የአየርላንድና የብሪታንያ የበረራ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሌሊት ወደ አውሮፓ ለሚሄዱት የካናዳው ጋንደር ያወጧቸዋል። ወደ ምሥራቅ የሚሄዱት ጄት ስትሪሙ ውስጥ እንዲገቡ፣ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት እንዲሸሹት ተደርጎ ነው። ስለዚህ ከታላቁ ክብ ብዙ ርቆ የሚሄድ አውሮፕላን ቢያዩ አይደነቁ። 200 ኪሎ ሜትር ተጨማሪ በርሮ 20 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ የሚቻልበት ቀን አለ፤ እንደዚህ ዓይነት መንገድ ሳገኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኛል።

አንዳንዴ ግን መንገዱን የሚያስረዝመው ነፋስ አይደለም። ከሄልሲንኪ ቶኪዮ 7,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ በ9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይደረስ ነበር። የሩሲያ የአየር ክልል ሲዘጋ የፊንላንዱ አየር መንገድ ፊንኤር በሰሜን ዋልታ በኩል ወይም በደቡብ ዞሮ መሄድ ግድ ሆነበት፤ ጉዞው ወደ 13 ሰዓት ተመዘዘ። ርቀት የሚያሳየው ማስያ ግን አሁንም ያንኑ 7,800 ነው የሚለው። የቲቤት አምባም ሌላ ምሳሌ ነው። አውሮፕላን የውስጥ ግፊቱን ቢያጣ ሰው ያለ ኦክስጅን ጭንብል ወደሚተነፍስበት ወደ 3,000 ሜትር ግድም መውረድ አለበት፤ እዚያ ግን መሬቱ ራሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ የሚወረድበት የለም። በዚያ ላይ የሚያቋርጡ መንገዶች ጥቂት የሆኑት ለዚህ ነው። ባለሁለት ሞተር አውሮፕላኖችም አንዱ ሞተር ቢጠፋ ሊያርፉበት ከሚችሉት ኤርፖርት ከተፈቀደላቸው ደቂቃ በላይ መራቅ አይችሉም።

አሁን ትኬቱ ላይ ስላለው ቁጥር። ትኬት የሚያሳየው የአየር ላይ ቆይታን አይደለም። አውሮፕላኑ ከጌቱ ተገፍቶ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ በመድረሻው ጌት እስከሚቆምበት ያለውን ነው፤ እኛ ብሎክ ታይም እንለዋለን። በውስጡ ብዙ ነገር አለ። ሞተር ይነሣል፤ ወደ ማኮብኮቢያው በጎማ ይኬዳል፤ ወረፋ ይጠበቃል። እንደ ኬኔዲ በተጨናነቀ ኤርፖርት ይህ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ሊበላ ይችላል። ከዚያ ሽቅብ መውጣትና ቁልቁል መውረድ አለ፤ በእነዚህ ጊዜ ፍጥነቱ ከ900 በብዙ ያንሳል። ሂትሮው አካባቢ ደግሞ ቦቪንግደን፣ ላምቦርን፣ ኦካም እና ቢጊን በሚባሉ አራት የመጠበቂያ ሥፍራዎች ላይ ተራ እስኪደርስ መዞር የዕለት ተዕለት ነገር ነው። አየር መንገዶች ይህን ሁሉ ካለፉት ወቅቶች መዝገብ አይተው ሰዓቱን ሰፋ አድርገው ያወጡታል። «20 ደቂቃ ቀድመን ደርሰናል» የሚል ማስታወቂያ የሚሰሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ርቀቱ ባጠረ ቁጥር ይህ የመሬት ላይ ጊዜ ድርሻው ይገዝፋል። በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች ከዌስትሬይ ወደ ፓፓ ዌስትሬይ የሚደረገው በረራ 2.7 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በፕሮግራም 2 ደቂቃ የተያዘለት ሲሆን በ53 ሰከንድ የተጠናቀቀበት ቀንም አለ። እዚያ ርቀትን ለ900 ማካፈል ትርጉም የለውም። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በታች ለሆነ ጉዞ ማስያው የሚሰጠውን ሰዓት ጨርሶ ባያዩት ይሻላል፤ የአየር መንገዱን ፕሮግራም ይመልከቱ። ለረጅሙ ግን በግምት የምጠቀምበት መንገድ አለኝ። ርቀቱን ለ850 አካፍዬ 35 ደቂቃ እጨምራለሁ። ለእርስዎ መንገድ 7 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ይመጣል። በመካከለኛው ኬክሮስ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ትንሽ እቀንሳለሁ፤ ወደ ምዕራብ ከሆነ እስከ 1 ሰዓት እጨምራለሁ።

ሰዎችን ክፉኛ የሚያሳስት ሌላም ነገር አለ። ትኬት ላይ የሚጻፈው መነሻም መድረሻም በየሀገሩ ሰዓት ነው። ከለንደን በ11፡00 ተነሥቶ ኒው ዮርክ በ14፡00 የሚደርስ በረራ 3 ሰዓት ይመስላል፤ የ5 ሰዓቱን ልዩነት ሲደምሩ 8 ይሆናል። ሁለቱንም ወደ ዩቲሲ፣ ማለትም ለዓለም ሁሉ አንድ ወደሆነው መለኪያ ሰዓት፣ ለውጦ መቀነስ ነው የሚያዋጣው። ደግሞም ልዩነቱ ሁልጊዜ 5 አይደለም። አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት የምትገፋው በመጋቢት ሁለተኛው እሑድ፣ አውሮፓ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ነው። በመካከል ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ልዩነቱ 4 ሰዓት ይሆናል። ወደ ኋላ ሲመልሱም አውሮፓ በጥቅምት መጨረሻ፣ አሜሪካ በኅዳር የመጀመሪያ እሑድ ስለሚያደርጉት እንዲሁ የአንድ ሳምንት ክፍተት አለ (ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በእነዚህ ሳምንታት የሚጓዝ ሰው በቃሉ የሚያውቀውን ልዩነት አይመን። ፓሲፊክን ተሻግረው ከቶኪዮ ሆኖሉሉ ከሄዱ ደግሞ ማታ ተነሥተው በዚያው ዕለት ጠዋት ይደርሳሉ፤ የቀን መቀየሪያው መሥመር ነው።

የትራንዚቱን ነገር በጥብቅ ልናገር፤ እኔ ራሴ የተቃጠልኩበት ነው። በወጣትነቴ ሁለት በረራ በተለያየ ትኬት ገዝቼ በመካከላቸው 70 ደቂቃ ተውኩ። የቆጠርኩት ጎማው መሬት ከሚነካበት ሰዓት ነበር። አውሮፕላኑ በሰዓቱ አረፈ፤ ጌት እስኪያገኝ፣ በር እስኪከፈት፣ ሻንጣዬ እስኪመጣ 55 ደቂቃ ሄደ። ሁለተኛው በረራ ከእኔ ፊት ተዘጋ፤ ትኬቱ የተለየ ስለነበር የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። የእርስዎ ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ከተያዙ አየር መንገዱ ለዚያ ኤርፖርት የተወሰነውን ዝቅተኛ የመሸጋገሪያ ጊዜ ጠብቆ ነው የሚሸጥልዎት፤ ቢያመልጥዎም ሌላ በረራ ይፈልግልዎታል። በተለያየ ትኬት ከሆነ ግን ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው፤ ሻንጣ ካለዎትና ፓስፖርት ማስመታት ካለብዎ ከ4 ሰዓት በታች አይመኑ።

ስለዚህ ለጥያቄዎ፦ ለትራንዚት ማስያውን ይተዉትና ትኬቱ ላይ ያለውን የመድረሻ ሰዓት ይያዙ። ወደ ለንደን ሲሄዱ ቀድመው የመድረስ ዕድልዎ ሰፊ ነው፤ ያንን ትርፍ ግን ዕቅድ ውስጥ አያስገቡት፤ ሂትሮው በአውሮፓ አቆጣጠር ከማለዳው 6፡00 በፊት የሚያርፉትን ስለሚገድብ በማለዳ ቀድሞ የመጣ አውሮፕላን በሰማይ ሲዞር ይቆያል። ወደ ኒው ዮርክ ሲመለሱ፣ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት፣ ከ8 ሰዓቱ ላይ ሌላ 30 ደቂቃ በልብዎ ይያዙ። ከጉዞው አንድ ቀን ቀደም ብለው ያው ቁጥር ያለው በረራ ባለፈው ሳምንት በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደፈጀ በበረራ መከታተያ ገጾች ላይ ይዩ፤ ከየትኛውም ማስያ ይልቅ የሰባቱ ቀን መዝገብ ይነግርዎታል።